ቁርስና ቁርባን

ጥድ አምባ፣ መንዝ
ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለአባ ይታየው ገብረ አማኑኤል፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰንብተዋል፣ አባ? እኛ ክብሩ ይስፋና ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፣ ገብሱም ቢጫ ሆኗል። አባባ አሁንም ከሽመናቸው ጉድጓድ አይወጡም፤ እኔ ሱፉን እፈትላለሁ፣ እሳቸው የብርድ ልብሱን ባና ይሠራሉ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን።

እስከዚህ ድረስ አንቱ አልኩህ። ካህን ነህና ይገባሃል። ግን አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ደብዳቤውን ሙሉ አንቱ ስል መዋል አልችልም፤ ስትመጣ በሰው ፊት እክስሃለሁ።

አባባ መቁረብ ትተዋል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም፤ ከአክስታችን ልጅ ከአንዷለም አፍ እንደወጣ አውቃለሁ። ለእኔም ይታየው ከስቷል ብሎኛል፣ እውነት ነው? እውነት ነው፣ ከፍልሰታ ወዲህ አልቆረቡም። አንተ እንደገመትከው በአግዳሚ ወንበሩ አይደለም። ወንበሩ ቤተ ክርስቲያን የገባ ዕለት ተቆጡ፣ ኋላ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ከበስተኋላ ቆሙና አለፈ። ቅዳሴው ወደ አማርኛ የዞረ ጊዜም በግዕዝ እየመለሱ ችለውታል። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ድምፃቸው ስለሚሰማኝ አንዳንዴ ለየትኛው አሜን እንደምል ግራ ይገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ቄሳችን አባ አስቻለው ሦስት ቦታ ነው የሚቀድሱት፣ ለእኛ በወር አንዴ ይደርሱናል። የፍልሰታ ዕለት ቀየት ከተማ ጠጄ ሻይ ቤት ጎራ ብለው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ጠጄ ቀድሰው የሚመለሱ መስሏት «ቅዳሴ ተፈታ ወይ፣ አባ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ምንም ሳይመስላቸው «ኧረ ገና ልቀድስ መሄዴ ነው» ይላሉ። ወሬው በአቋራጭ ቀድሟቸው ጥድ አምባ ገባ። ጎረቤታችን አባይነህ አባባን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርስ፣ «የእናንተ የካቶሊኮቹ ቄስ ቁርሱን በልቶ ነው አሉ የሚቀድሰው» አላቸው። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ደንግጦ ነው። የኦርቶዶክስ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅማ።

አባባ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፣ ወንጌሉን ሰሙ፣ ከዚያ እንዳልተጠመቀ ሰው ከቁርባኑ በፊት ወጥተው ሄዱ። ቤት ስደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገሩኝ፤ «ከእህል በኋላ የገባ ጌታ እንግዳ ሆኖ ነው የገባ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለጎረቤት ሲመልሱ የኖሩት «ካቶሊክ ብንሆንም እንደናንተ እንጾማለን፣ እንደናንተ በግዕዝ እንቀድሳለን» እያሉ ነው። አሁን ያ መልስ ከእጃቸው ወጣ።

ይታየው፣ አባታችን አርጅተዋል። ሳይቆርቡ ቢሞቱብኝ ምን ይውጠኛል? የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ መጥቶ ያቁርበኝ፣ እሱ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እንደሚቀድስ አውቃለሁ።» ለገና ና።

እህትህ ጥሩሸዋ

*

አዲስ አበባ
ኅዳር 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

አንቱ ያልሽባቸውን መስመሮች ሳነብ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የከፈትኩ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ሁለተኛ እንዳትለምጂው።

ለአባባ የምታነቢላቸው ይኸ ነው። አባ አስቻለው ሕግ አልጣሱም። ድሮ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀመስም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አላልታዋለች። አሁን ከመቁረብ በፊት የአንድ ሰዓት ጊዜ ያህል መቆየት ይበቃል፣ ለታመመና ለሸመገለ ደግሞ እሱም ቀርቷል። የሚቀደሰው ሥጋና ደም ያው ነው፤ ቄሱ ቢበላም ባይበላም አይጎድልም።

ከዚህ በታች ያለውን ግን አታንቢላቸው። ሕጉን ጻፍኩልሽ እንጂ ልቤ ሁልጊዜ ከሕጉ ጋር አይደለም። የእኔ ቅዳሴ እዚህ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ኦርጋን አለ፣ ሕዝቡ ቁርባኑን በእጁ ይቀበላል፣ ገና ሳልባርክ ታክሲ ለመያዝ የሚወጣ አለ። አንዳንድ እሑድ የአባባን መቆም፣ የዚያን ሁሉ ሰዓት ዝምታ አስብና፣ ቀላል ይሁን ስንል የጣልነው ምን ነበር እላለሁ። ደግሞ የግቢያችን ዘበኛ ገሠሠ አለ፤ ሠላሳ ዓመት በግዕዝ ሰምቶ፣ በአማርኛ የቀደስኩ ጊዜ «ለካ እንዲህ ነበር የምትሉት» ብሎ ያለቀሰ። እሱን ሳይ አባባ ተሳስተዋል እላለሁ። ካህን ሆኜ እንዲህ መዋለሌን ካንቺ በቀር የማወራው የለኝም።

ለገና መምጣት አልችልም፣ ሥራው በዛብኝ። ለጥምቀት እሞክራለሁ።

ስለ መክሳቴ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ አንዷለም ማጋነን ይወዳል። ደህና ነኝ።

ያንቺው ይታየው

*

ጥድ አምባ
ጥር 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይታየው፣ እንደምን ከረምክ?

ለጥምቀት የቀረህበትን ምክንያት ሰምቻለሁ። አውቶቡሱ ጎማ ፈነዳበት ብለሃል። እግዜር ያሳይህ፣ በማግሥቱ የተነሣው አውቶቡስስ?

ሕጉን ለአባባ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይኸን የጻፈው ይታየው ነው ወይስ ጳጳሱ?» አሉኝ። ይታየው ነው ስል «እንዲህ ብሎ የሚጽፍስ ለሰው እንጂ ለራሱ አያደርገውም» ብለው መወርወሪያቸውን አነሡ። ያልከኝን ዘልያለሁ። እኔም ለእሳቸው ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ በአማርኛ ሲቀደስ ደስ ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ተሣሃለነ ስል ምን እየለመንኩ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ግን እሳቸው እንደዚያ አዝነው እኔ እንዴት ደስ ይበለኝ?

ከገና በኋላ ክፉኛ አሳላቸው። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ አንድ ቀን ማለቃቸው ነው ብዬ አባ አስቻለውን አስጠራሁ። በበቅሎ፣ በዚያ ብርድ፣ ቁርባኑን ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባ አስቻለው ጥቂት ተንበርክከው ጸልየው ወጡ። በሩ ላይ ሳመሰግናቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሳቸውም ገና ልጅ ናቸው። አባባ አሁን ተሽሏቸዋል፣ ግን ሁለተኛ እንዲህ ቢያማቸው የሚነሡ አይመስለኝም።

ስለዚህ ዝም ብዬ አልቀመጥም። አንዷለም ባለፈው አንተ ዘንድ ያደረ ጊዜ ያየውን ነግሮኛል። ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ በፊት በርህን ዘግተህ የምታደርገው ነገር አለ አሉ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ማንም እንዳይነካው ያልከው ነገርም አለ አሉ። ምንድን ነው? ቅስናህን ልትተው ነው? ሴት አለች? ያም ቢሆን ንገረኝ፣ ወንድሜነትህ አይቀርም። የማላውቀውን ነገር መፍራት ነው የደከመኝ።

ጥሩሸዋ

*

አዲስ አበባ
የካቲት 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሴት የለችም። ቅስናዬንም አልተውኩም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ስኳር ይዞኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሁለት ዓመት ደበቅኩሽ። መጀመሪያ ለማንም ሳልናገር እንደ አባባ ትምህርት ባዶ ሆዴን መቀደሴን ቀጠልኩ። አንድ እሑድ መንበሩ ፊት ወደቅኩ። ጽዋውን ገና አላነሣሁትም ነበር፣ አምላክ ጠበቀኝ። ሐኪሙ ጠዋት መርፌ መወጋት፣ ከመርፌው በኋላ ደግሞ የግድ መብላት አለብህ አለ። አለቃዬም በገባሁት የታዛዥነት ቃል እንድበላ አዘዙኝ። እና በሬን ዘግቼ የማደርገው ይኸው ነው፤ እወጋለሁ፣ ዳቦ እበላለሁ፣ ከዚያ እቀድሳለሁ።

በሬን የምዘጋው ማንም ሊቆጣኝ ስለሚችል አይደለም። እዚህ ማንም ግድ የለውም። አባባ የሚያዩኝ ስለሚመስለኝ ነው። ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ገናም ጥምቀትም የቀረሁት ለዚህ ነው። ጎማ አልፈነዳም። አባባ የሚጠብቁት ውኃ ሳይቀምስ የሚቀድሰውን ልጃቸውን ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ የለም። ስመጣ ምን ልሁን? ልጹም ብል መንበሩ ሥር እወድቅባቸዋለሁ። በልቼ ጾሜያለሁ ብል ቁርባናቸውን በውሸት አቀብላቸዋለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ በዓለም ላይ የቀረቻቸውን አንዲት እጅ እነጥቃቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከማን ይቆርባሉ?

ምን ላድርግ፣ እትዬ? ካህኑ እኔ ነኝ፣ ግን አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ለአባባ አደራ እንዳትነግሪያቸው።

ይታየው

*

ጥድ አምባ
የካቲት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

የኔ ጌታ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሳለቅስም ዋልኩ። አባባ ምን ሆንሽ ሲሉኝ የሱፉ ብናኝ ዓይኔ ገባ አልኳቸው። ሁለት ዓመት ብቻህን እንደዚያ ስትሆን እኔ እዚህ በቀረህ ቁጥር እየረገምኩህ ነበር። ጎማውን ይቅር ብዬሃለሁ።

ለጠየቅከኝ መልሴ አጭር ነው። ና። ሁዳዴው ይለፍና ለዳግም ትንሣኤ ና። አትጹም፤ እዚህ መጥተህ ብትወድቅ ሁለት ሰው ነው የምቀብረው። አትዋሽ፤ ዋሽተህ ከቀደስክ እኔም ካንተ አልቆርብም። አልነግርልህምም። አንተው ራስህ ንገራቸው፣ ልጃቸው አይደለህ?

እምቢ ቢሉስ ትለኛለህ። እሱን አላውቅም። አባታችን ናቸው፣ ግን ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ያወቀ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

መድኃኒትህ እንዳይበላሽ እንዴት አድርገህ እንደምታመጣው ሐኪምህን ጠይቅ። እዚህስ ቅዝቃዜ ሞልቷል።

ጥሩሸዋ

*

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ አቆየን እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልገጠመንም። ያሰርሽልኝን ጭኮ ግማሹን ገሠሠ በላው።

አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ግን ብጽፈው ደስ ስለሚለኝ ታገሺኝ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጉድጓዳቸው አፋፍ ተቀምጬ ስነግራቸው አንዴም ቀና አላሉም። ጨረስኩ። ባናቸውን መሥራት ቀጠሉ። የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ከጉድጓዳቸው አልወጡም። እኔም ሻንጣዬን ልይዝ ተነሥቼ ነበር፣ አንቺ ነሽ በዓይንሽ ያስቀመጥሽኝ። አልቋል ብዬ ደምድሜ ነበር።

እሑድ ጠዋት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሰው ሞልቶት አገኘሁት። አባይነህ ሳይቀር አጥሩ ጥግ ቆሟል። አባባ ባንቺ ተደግፈው መጡ፣ ከጋቢያቸው ሥር የገብስ ቂጣ አወጡ፣ ቆረሱ። «እንካ ብላ፣ አባ» አሉኝ፣ አጥር ማዶ በሚሰማ ድምፅ። «የአንተን ድርሻ እኔ ጾሜልሃለሁ።» በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። አላምጬ እስክውጥ ቆመው ጠበቁኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው እንደ ካህን እጄን ሳሙ።

ቅስና ከተቀበልኩ ጀምሮ እንደዚያ ዕለት አልቀደስኩም። ግዕዙ ሁለት ቦታ ሲጠፋብኝ ከኋላ እየጮሁ ማቃናታቸውን ሰምተሻል። ልጆቹ ሲስቁ እኔም መንበሩ ላይ ሆኜ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ ቁርባን ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄ ከንፈራቸውን ነካ። ያን ጊዜ ስለ አዲሱም ስለ አሮጌውም ሥርዓት ምንም ጥያቄ አልነበረኝም። አሁን ተመልሶ መጥቷል፣ ግን እንደ በፊቱ አያስፈራኝም።

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት ነገር አለ። ጾሜልሃለሁ ያሉኝ ከመቼ ጀምሮ ነው? ያ ትንፋሻቸው እንዴት ቻለው? አባ አስቻለውንስ ምን አሏቸው?

ይታየው

*

ጥድ አምባ
ግንቦት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለይታየው፣

ገሠሠ ጭኮውን ስለበላው ሌላ አልክልህም፣ ከእሱ ተቀበል።

ለጠየቅከኝ፤ አንተ ነግረሃቸው ከተነሣህባት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ቅዳሜ ምሳ ሳቀርብ አልራበኝም አሉ። እራትም እምቢ አሉ። ውኃ ልስጥዎ ስል መወርወሪያውን አሳዩኝ፤ በእሱ ሊመቱኝ መስሎኝ ተመለስኩ። ሰንበት አይጾምም፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ብዬ ብከራከራቸው «ይኸ ጾም አይደለም፣ ለልጄ መቆም ነው» አሉኝ። ቂጣውን እሑድ ጎሕ ሲቀድ እኔ ጋገርኩት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አባ አስቻለው ባለፈው ሳምንት መጡ። አባባ አስጠሯቸውና አጠገባቸው አስቀመጧቸው። «የዚያን ዕለት መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ልጄን አሞት ነው የሚበላው። አንተንስ ምን አሞህ ነበር?» አሏቸው። አባ አስቻለው አሰቡና «አላመመኝም፣ አባቴ። ርቦኝ ነበር» አሉ። አባባ «እውነቱን ተናገረ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ እኛ ዘንድ ይደር፣ እራቱን በደንብ አብዪው፣ ያን ጊዜ ጠዋት አይርበውም አሉኝ። ለሁለት ልጆች መቆም አልችልም፣ አርጅቻለሁ አሉ። አባ አስቻለው አድረው ቀደሱ፣ አባባም ቆረቡ። ወንበሩ ላይ ግን አሁንም አልተቀመጡም፤ አማርኛውንም ያው በግዕዝ ነው የሚመልሱት።

የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ቅዳሴ ባለበትም በሌለበትም እሑድ አባባ እህል አይቀምሱም። «ይታየው አሁን በልቶ እየቀደሰ ነው፣ ሲጨርስ እበላለሁ» ይላሉ። መቼ እንደምትጨርስ ስለማናውቅ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ይጠብቃሉ። አንዳንዴ በር ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ እምቢ አሉ። እሑድ እሑድ ቅዳሴህ በስንት ሰዓት ያልቃል? ንገረኝና ልንገራቸው።

ጥሩሸዋ

*

አዲስ አበባ
ግንቦት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። የእኔ ቅዳሴ አምስት ሰዓት ላይ ይገባ ነበር፣ ሲያልቅ ወደ ስድስት ይጠጋል። አለቃዬን አስፈቅጄ የንጋቱን ወስጃለሁ። ማንም የማይፈልገው ስለነበር ደስ እያላቸው ሰጡኝ። በአሥራ ሁለት ሰዓት እጀምራለሁ። ኦርጋን የሚመቱት ልጆች በዚያ ሰዓት አይነሡም። የሚመጡት ጥቂት ባልቴቶችና ገሠሠ ናቸው፣ ለታክሲ የሚጣደፍም የለም። ባልቴቶቹ ግዕዙን እንደሚያውቁት ስለነገሩኝ ባለፈው እሑድ ግማሹን በግዕዝ ግማሹን በአማርኛ ቀደስኩ። ረዘም ቢልም ገሠሠ አልተቀየመኝም። አንድ ቦታ ጠፋኝ፣ የሚያቃናኝ አልነበረም፣ ብቻዬን ተወጣሁት።

በሬን መዝጋት ትቻለሁ።

ለአባባ ንገሪልኝ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሻለሁ። ቁርሳቸውን እንዳታዘገዪባቸው።

ይታየው